የጉሮሮ አሲድና የሌሊት ትንፋሽ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ቃር ተሰምቶኝ አያውቅም። ሐኪሜ ግን የድምፄ መጎርነን ከጨጓራ አሲድ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። ሌሊት ደግሞ በኃይል አንኮራፋለሁ። ሁለቱ ይገናኛሉ?

መልስ፦ ሊገናኙ ይችላሉ። ቃር አለመኖሩም አሲዱ ጉሮሮ አልደረሰም ማለት አይደለም፤ ማንቁርት ከምግብ ቧንቧ ይልቅ ስስ ስለሆነ፣ ቃር የማይቀሰቅስ ጥቂት አሲድና ፔፕሲን የተባለው የጨጓራ ኢንዛይም እንኳ ሊያስቆጣው ይችላል። ነቅተን ሳለን ወደ ላይ የወጣውን አሲድ ምራቅ እየዋጥን እናጥበዋለን፤ በእንቅልፍ ጊዜ ግን ምራቅ ይቀንሳል፣ መዋጥም እጅግ ይራራቃል። የሚያንኮራፋ ሰው የአየር መንገዱ ሲዘጋና ትንፋሽ ለመሳብ ሲታገል ደግሞ፣ በደረቱ ውስጥ ያለው ግፊት በኃይል ስለሚወርድ የጨጓራው ይዘት ወደ ላይ ሊሳብ ይችላል። በአሲድ የተቆጣና ያበጠ ጉሮሮም በበኩሉ የአየር መንገዱን ሊያጠብ እንደሚችል ይታሰባል፤ የዚህኛው ማስረጃ ግን ደካማ ነው። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ሁለቱንም ችግሮች ስለሚያባብስ፣ አብረው መገኘታቸው ብቻውን አንዱ ሌላውን እንዳመጣ አያረጋግጥም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ተኝቼ ሳለሁ ትንፋሼ ቆሞ እንደሚቀጥል ትነግረኛለች። የአሲድ መድኃኒት ብወስድ ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃዎትም፤ ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው በመድኃኒቱ ጉሮሮው ሲሻለው ዋናውን ምርመራ ስለሚተው ነው። ባለቤትዎ ያዩት ነገር የእንቅልፍ ምርመራ ያስፈልገዋል። በምርመራው ቢያንስ ለ10 ሰከንድ የሚቆዩ የትንፋሽ መቋረጦችና መቀነሶች ይቆጠራሉ፤ በአዋቂ ሰው በሰዓት ከ5 እስከ 14 ቀላል፣ ከ15 እስከ 29 መካከለኛ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ሳይታከም የቆየ የትንፋሽ መቋረጥ ከደም ግፊትና ከልብ ምት መዛባት ጋር ይያያዛል። ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥልዎት ከሆነ እባክዎን እስኪታከሙ ድረስ መኪና አይንዱ።

ጥያቄ፦ ሲፓፕ የተባለው መሣሪያ ታዞልኛል። አሲዱን ያባብስብኝ ይሆን? ጠዋት ሆዴ ይነፋል።

መልስ፦ ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ በ1981 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ይፋ ያደረጉት ይህ ሕክምና፣ በጭንብል በሚገባ የአየር ግፊት ጉሮሮ እንዳይዘጋ ያደርጋል። በብዙ ሰዎች ላይ የሌሊቱን የአሲድ መውጣትም ይቀንሳል። የሆድዎ መነፋት አየር ከመዋጥ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ላዘዘልዎት ሐኪም ይንገሩት፤ ግፊቱ ሊስተካከል ይችላል። በራስዎ ውሳኔ ግን አያቋርጡት።

ጥያቄ፦ ትራስ ደራርቤ ብተኛ ይረዳኛል?

መልስ፦ ትራስ መደራረብ ወገብን አጥፎ ሆድን ስለሚጫን፣ አንገትንም ወደ ፊት ስለሚያጎብጥ አልመክርም። የአልጋውን ራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ይሻላል። በግራ ጎን መተኛት አሲዱ ከምግብ ቧንቧ ቶሎ እንዲመለስ ይረዳል፤ በጀርባ ሲተኙ ብቻ ትንፋሻቸው ለሚቋረጥ ሰዎችም ይጠቅማል። እራትዎን ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት ይጨርሱ። አልኮል የጨጓራን አፍም የጉሮሮን ጡንቻዎችም ስለሚያላላ ማታ ማታ ባይጠጡት ይመረጣል።