ክብደቱ የት ነው ያለው? ስዕል ለምትማሩ ልጆች

ሰሞኑን አንድ የጎረቤት ልጅ ደብረ ብርሃን ቤቴ መጣ፣ የመጀመሪያ ዓመት የስዕል ተማሪ ነው፣ ስኬችቡኩን ብብቱ ስር ወሽቆ ፊቱን አጨፍግጎ። «ጋሼ እኔ ይሄ ሰውን በ30 ሰከንድ የመሳል ነገር ጭራሽ አልገባኝም፣ ገና አንገቱ ላይ ሳልደርስ ቀይሩ ይሉናል፣ ስልኬ ላይ ፎቶ አይቼ ስስል ሰው ሁሉ ያደንቀኛል፣ ሰው ፊታችን ቆሞ የምንስልበት ሞዴል ክፍል ስገባ ግን ህፃን የሞነጨረው ነው የሚመስለው» አለኝ። ሳቄ መጣ። በልጁ አይደለም የሳቅሁት፣ ከአርባ ዓመት በፊት እኔው ራሴ ያልኩት ነገር ስለሆነ ነው። እና ለሱ የነገርኩትን ለናንተም ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ቻሉኝ።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ማህሌት ቋሚ ነበር። ልጅ ሆኜ ስዕል ማለት ለኔ ቤተክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው ነው፣ ጻድቁ ፊት ለፊት ይሳልና ሁለት አይኑ ይታያል፣ ክፉው በጎን ይሳልና አንድ አይን ብቻ ይደርሰዋል። ትልቅ ጥበብ ነው፣ የራሱ ስርአት አለው፣ ማንም ሲያጣጥለው መስማት አልወድም። የዘመናዊውን ስዕል ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት ሰአሊው አለ ፈለገሰላም እራሳቸው ከቤተክርስቲያን ሰአሊ ዘር የወጡ ሰው ናቸው፣ ትምህርት ቤቱን ከመክፈታቸው በፊት ቺካጎ ሄደው ተምረው የመጡ። ግን በዛ ስርአት ያደገ እጅ አንድ አመል አለው፣ ሰው ፊቱ ሲቆምለት የሚያየውን ትቶ የሚያውቀውን ይስላል። አይን እንዲህ ነው፣ አፍንጫ እንዲህ ነው፣ አለቀ።

መጀመሪያ ሞዴል ፊት የቆምኩ ቀን የመጣልን ሰው ሽማግሌ የቀን ሰራተኛ ነበር፣ ኮቱን አውልቆ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አርጎ ቆመ፣ አስተማሪው 1 ደቂቃ አለን። እኔ ከአይኑ ጀመርኩ። ሽፋሽፍቱን አንድ ባንድ ሳወጣ ደቂቃዋ አለቀች፣ ወረቀቴ ላይ አንድ አይን ብቻ፣ ያውም በጣም ቆንጆ አይን። አስተማሪው ከኋላዬ መጥቶ ዝም ብሎ አየው አየውና «ጥሩ አይን ነው፣ ሰውየው ግን በምኑ ነው የቆመው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እግሩን አላየሁትማ!

እስካሁን ሞዴል ፊት ስቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው። ክብደቱ የት ነው ያለው? ሰው ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ አንድ እግሩ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ክብደት በተሸከመው በኩል ዳሌው ወደ ላይ ይወጣል፣ በዛው በኩል ትከሻው ዝቅ ይላል፣ ሌላኛው እግር ላላ ይልና ጉልበቱ ይታጠፋል። አንብባችሁ ብቻ እንዳታልፉት፣ ተነሱና መስታወት ፊት ሞክሩት። ደሞ ክር ላይ ትንሽ ድንጋይ እሰሩና አንድ አይናችሁን ጨፍናችሁ ከሞዴሉ አንገት ስር ካለችው ጉድጓድ ትይዩ አንጠልጥሉት፣ ክሩ ክብደት የተሸከመው እግር ቁርጭምጭሚት አካባቢ ነው የሚወርደው። ወረቀታችሁ ላይ ከዛ ከራቀ ሰውየው ወይ እየወደቀ ነው ወይ የተደገፈው ነገር አለ፣ እሱን ደግሞ አልሳላችሁትም ማለት ነው።

ታዲያ 30 ሰከንዱ ለዚህ ነው የመጣው። ጌስቸር የሚሉት። ፊት ለመሳል እንዳይበቃችሁ ተብሎ የተሰላ ጊዜ ነው፣ እጃችሁ ወደ ሽፋሽፍት ሊሮጥ ሲል ቀይሩ ይላችኋል፣ ስለዚህ ሳትወዱ በግድ ከአናቱ እስከ ተረከዙ ባንድ ትንፋሽ የሚወርደውን መስመር ትፈልጋላችሁ። የአከርካሪውን እጥፋት፣ የዳሌውን ዝንባሌ፣ የሚገፋውን እግር፣ በቃ ሌላ ምንም። እኔ አስተምር በነበረበት ጊዜ ልጆቹን 30 ሰከንድ 20 ጊዜ ነበር የማሰራቸው፣ 10 ደቂቃ ነው እኮ ጠቅላላው፣ ከዛ የ1 ደቂቃ፣ ከዛ የ2፣ ከዛ ነው የ20 ደቂቃው የሚመጣው። ከ20ዎቹ 17ቱ አስቀያሚ ይሆናሉ፣ ይሁኑ! ወረቀቱ ለመታየት የተሰራ አይደለም፣ ቴሌግራም ላይ እንዳትለጥፉት ብቻ። በእጅ አንጓ ሳይሆን በትከሻ ሳሉ፣ ለዛም ተቀምጣችሁ ጉልበታችሁ ላይ ከምትስሉ ኮምፔርሳቶ ቆርጣችሁ ወረቀቱን በክሊፕ ይዛችሁ ቆማችሁ ብትስሉ ይሻላል።

ክብደትን በደንብ ያስተማረኝ ግን ክፍሉ ሳይሆን የአባቴ መቋሚያ ነው። ከአዲስ አበባ ለእረፍት ስመለስ በዓል ሌሊት አብሬው ማህሌት ገባሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ነገር ነው፣ ግን ያን ሌሊት ነው የታየኝ። መጀመሪያ አባቴ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው፣ መቋሚያው እጁ ላይ አለ እንጂ አልተደገፈውም። ሌሊቱ ሲገፋ ቀስ እያለ ወደሱ ሄደ፣ መጀመሪያ መዳፉ፣ ከዛ ብብቱ፣ ወደ ንጋት ሲሆን ትከሻው ጆሮው ድረስ ተሰቅሎ ገላው ሁሉ አንድ ጎን ተንጠልጥሏል፣ እግሮቹ ቆመዋል እንጂ የሚሸከሙት ግማሹን ነው። የአንገቱ ክር እግሩ ጋ አልነበረም የሚወርደው፣ በእግሩና በመቋሚያው ጫፍ መሀል ነበር። ያኔ ገባኝ። መቋሚያው ሶስተኛ እግሩ ነው፣ እሱን ሳይስሉ ሰውየውን ማቆም አይቻልም።

እዛ ወረቀት አውጥቼ አልሳልኩም፣ ነውር ነው፣ እናንተም እንዳታደርጉት። እያየሁ ሶስት ነገር ብቻ በጭንቅላቴ ያዝኩ፣ ክብደቱ የት እንዳለ፣ ጭንቅላቱ ወዴት እንደዘነበለ፣ ክርኑ ከወገቡ በላይ ነው ወይስ በታች። ቤት እስክደርስ እሷን እየደጋገምኩ ሄድኩ፣ ደርሼ ምድጃ ዳር ቁጭ ብዬ ሳልኩት። ከትዝታ መሳል እራሱን የቻለ ልምምድ ነው፣ ሶስት ነገር ከያዛችሁ ይበቃል፣ አስር ልያዝ ካላችሁ አንዱም አይቀርም።

አገራችን እኮ ለዚህ ነገር የታደለ ነው። መንዝ ሜዳ ላይ እረኛ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ከላይ ሰቅሎ ቆሞ አይታችሁ የለ? እጁን አትሳሉ። በክንዱና በአንገቱ መሀል የምትታየውን ሰማይ ሳሉ፣ በግራ አንድ ጠባብ ቅርጽ፣ በቀኝ አንድ፣ ሁለቱን በትክክል ከያዛችሁ ክንዱ ሳትነኩት ተሰርቶ ታገኙታላችሁ። ኔጋቲቭ ስፔስ የሚሏችሁ ይሄው ነው። ጭራሮ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴትዮ ደግሞ 30 ሰከንድ እንኳ አትቆምላችሁም፣ 5 ሰከንድ ናት፣ ግን ወደፊት ያጎነበሰችው ለምን እንደሆነ ሸክሙን አይታችሁ ታውቁታላችሁ። በርኖስ የለበሰ ሽማግሌም ጥሩ አስተማሪ ነው፣ ሱፉ ወፍራም ስለሆነ ዝም ብሎ አይሸበሸብም፣ ከትከሻውና ከክርኑ ተነስቶ ነው የሚወርደው፣ የእጥፋቱን መነሻ ከያዛችሁ ከውስጥ ያለውን ሰውነት አገኛችሁ።

እነዚህን ልብስ የለበሱ ሰዎች ያነሳሁት ብዙ ልጆች ስለ ራቁት ሞዴል እያፈሩ ስለሚጠይቁኝ ነው። አልዋሻችሁም፣ ጡንቻና አጥንት ለመማር ራቁት ገላን የሚተካ የለም። ግን ሞዴል የለም ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ሰበብ ነው። የራሳችሁ ግራ እጅ አለ። ለ10 ደቂቃ እሱን ብቻ እያያችሁ፣ ወረቀቱን አንዴም ሳታዩ፣ እርሳሱን ሳታነሱ፣ አይናችሁ በጣታችሁ ጠርዝ ላይ በጉንዳን ፍጥነት ሲሄድ እርሳሱም አብሮ ይሂድ። ብላይንድ ኮንቱር ነው ስሙ። ሲያልቅ የምታዩት ነገር ያስቃል፣ አውራ ጣቱ የት እንደሄደ አይታወቅም፣ ግን አንዷን የቆዳ እጥፋት እንደዛ አርጋችሁ አይታችኋት አታውቁም።

ልኬት ላይ ብዙ አልቆይም። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ በእርሳስ ጭንቅላቱን ለኩና ስንት ጭንቅላት ቁመት እንዳለው ቁጠሩ፣ ቆሞ ያለ አዋቂ ሰው 7 ወይም 7 ተኩል ነው፣ የአንድ ዓመት ህፃን 4 ገደማ። ቁጥሩን ሸምድዳችሁ ግን እንዳትስሉ፣ ያጎነበሰ ሰው ላይ ጉድ ነው የሚያረጋችሁ።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ። አስተምርበት የነበረ አንድ ቦታ፣ ሞዴላችን ጠረጴዛ ላይ ቆሟል፣ እኔም ከተማሪዎቹ ጋር እየሳልኩ ነው፣ ስራው ጣፈጠኝና ሰአት ማየት ተውኩ። 40 ደቂቃ አለፈ። ሰውየው ጉልበቱን ቆልፎ ነበር የቆመው፣ እንደዛ የቆመ ሰው ደም እግሩ ላይ ይጠራቀምና እራሱን ይስታል፣ ድንገት ዘፍ አለና ግንባሩን ጠረጴዛው ጠርዝ መታው። ደሙን እየጠረግንለት ምን አለን መሰላችሁ፣ «ብንቀሳቀስ ስራችሁ እንዳይበላሽ ብዬ ነው እኮ»። እኔ ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከዛ ወዲህ ስልኬ ላይ አላርም ሳልሞላ አልጀምርም፣ 20 ደቂቃ ቆሞ 5 ደቂቃ ያርፋል፣ ቦታው እንዳይጠፋበት እግሩን ዙሪያ በጠመኔ ከበን እናሰምርለታለን፣ ሂሳቡን ደግሞ ስራ ሳይጀምር ተነጋግረን እዛው እጁ ላይ። ክፍሉ ከቀዘቀዘም፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትቀመጡ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል፣ መስኮት ገርበብ ማድረግ ብቻም አያድንም።

ፎቶ አይታችሁ አትሳሉ አልልም፣ ብር ያመጣል፣ የቤት ኪራይ የከፈለበት ልጅ አውቃለሁ። ግን ፎቶው ላይ ካሜራው ጠፍጥፎ ጨርሶላችኋል፣ እናንተ የምትገለብጡት የሱን ውሳኔ ነው። ቤተሰብ ኢንጂነር ሁን ብሎ ለሚያስጨንቃችሁ ደግሞ፣ በ1925 ዓ.ም እዚሁ አንኮበር የተወለዱት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፣ መጨረሻ ላይ የተገኙት ስሌድ ነው፣ ለንደን ውስጥ ሞዴል እያዩ መሳልን የሙጥኝ ብሎ የኖረ ትምህርት ቤት። ይቺን እናታችሁ ቡና ስታፈላ ጣል አርጉላት።

ልጁ ሊሄድ ሲል «ጋሼ ቻርኮል ተወዷል» አለኝ፣ የመሳያ ከሰሉን ማለቱ ነው፣ እውነቱን ነው፣ ስለዚህ እንደኔ እቤት ስሩት። ከወንዝ ዳር የአኻያ ቀንበጥ እርሳስ የሚያክለውን ቁረጡ፣ ልጡን ላጡ፣ ይድረቅ፣ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ጠቅጠቅ አርጋችሁ ክደኑት፣ ክዳኑን በምስማር አንዴ ብሱት። ደጅ እሳት ውስጥ ይግባ። ከቀዳዳዋ የሚወጣው ጭስ ሲያልቅ ደርሷል፣ አውጡት፣ ግን ጣሳው እጅ ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ክዳኑን እንዳትነኩት፣ ትኩስ እያለ አየር ካገኘ ውስጡ ያለው ተቀጣጥሎ አመድ ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ፣ እኔ ሁለቴ ቸኩዬ ሁለቴም አመድ ነው ያገኘሁት።