እንጀራ «ይሸጣል» ወይስ «እንሸጣለን»?

ጥያቄ፦ «ቤቴ ውስጥ እንጀራ እየጋገርኩ መሸጥ ጀምሬያለሁ። በሬ ላይ የምለጥፈው፣ በቴሌግራምም የምልከው አንድ መስመር ማስታወቂያ ፈለግኩና ‹ንጹህ የጤፍ እንጀራ ይሸጣል!!!› ብዬ ጻፍኩ። ልጄ ‹ይሸጣል› የድሮ ሰው አጻጻፍ ነው፣ ‹እንሸጣለን› በይ አለችኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ሁለቱም ስሕተት ነው፣ ትክክሉ ‹የሚሸጥ እንጀራ አለ› ነው ትላለች። የቱን ልለጥፍ?»

መልስ፦ አስቀድሜ ልንገርዎ፤ «በሬ ላይ» ያሉትን «ሬ»ን አጥብቄ ነው ያነበብኩት። አላልቼው ቢሆን ኖሮ ማስታወቂያዎ ቀንድና ሻኛ ላይ ይለጠፍ ነበር። ይህን ለቀልድ ብቻ አላነሣሁትም። ጥያቄዎም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ይሸጣል» ሲባል «ሸ» ከላላ ግሡ አድራጊ ነው። «የአክስቴ ልጅ በግ ይሸጣል» እንደማለት። «ሸ» ከጠበቀ ተደራጊ ይሆናል። «በጉ ይሸጣል» ስንል፣ የሚሸጠው በጉ ራሱ ነው። በጽሑፍ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። አንድ ባልደረባዬ ይህን ይዞ ለዓመታት ሲከራከረኝ ኖሯል። «‹እንጀራ ይሸጣል› ብለህ ስትለጥፍ ማን ነው የሚሸጠው? አንድ ያልታወቀ ሰውዬ? አድራጊው የተደበቀበት ዐረፍተ ነገር ነው። ‹እንሸጣለን› በልና ተገላገል» ይለኛል።

በወረቀት ላይ ልክ ነው። ግን አንድ ሰው እንኳ ያንን ማስታወቂያ አንብቦ «ማነው እሱ?» ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም። «ቤት ይከራያል»ን ይዩ። «ተከራየ» ለተከራዩም ለቤቱም የሚያገለግል ግሥ ነው። «ልጁ ቤት ተከራየ» እንላለን፣ «ቤቱ ተከራየ»ም እንላለን። እዚህ ማጥበቅና ማላላት እንኳ አያድነንም። እንዲያም ሆኖ «ቤት ይከራያል» የሚል ወረቀት አይቶ «ተከራይ ቤት እየፈለገ ነው» ብሎ የሚያልፍ የለም። አጭር ማስታወቂያ ግማሹን የሚናገረው በተለጠፈበት ቦታ ነው።

እንዲያውም ፊደል የማያስፈልገው ማስታወቂያም አለ። ጠላ ቤት ደጃፍ ላይ፣ በእንጨት ጫፍ የተደፋውን ጣሳ ያውቁታል። አድራጊ የለው፣ ተደራጊ የለው። ጠጪው ግን ስቶት አያውቅም።

አሁን ወደምወደው ልሂድ። ጎረቤትዎ «አለ» ይግባ ብለዋል። እኔ ደግሞ «አለ» መቼ ወጣና ነው የሚገባው? እላለሁ። «ይሸጣል» ማለት «ይሸጥ» እና «አለ» ናቸው፤ ሁለቱ ተጋጥመው ነው። የልጅዎ «እንሸጣለን»ም «እንሸጥ» እና «አለን» ነው። «የሚ» ሲመጣ ግን ይህ «አለ» ይወድቃል። «የሚሸጣል» አይባልማ። ስለዚህ ጎረቤትዎ የወደቀውን አንሥተው መጨረሻ ላይ አቆሙት፣ «የሚሸጥ እንጀራ አለ»። ሦስታችሁም የምትጣሉት ስለ አንድ «አለ» አቀማመጥ ነው። ስሕተት የሠራ የለም።

ይህ «አለ» ከግእዙ «ሀሎ» የመጣ ነው። መልኩ የኃላፊ፣ ትርጉሙ የአሁን። «ሸጠ»ም ከግእዙ «ሤጠ» ነው፤ «ሠ» ወደ «ሸ» ዞሮ። ይህን ማወቅ አንድ እንጀራ አያሸጥልዎትም፤ እኔ ግን ሳልናገረው ማለፍ አልችልም።

የእኔን ምርጫ ከጠየቁኝ ሁለት ቃል ይበቃል፣ «እንጀራ አለ»። የሚሸጥ መሆኑን ደጁ ይናገራል። ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ለ»ን አላልቶ «እንጀራ አለ! ማን አለ?» ብሎ ይስቅብኛል። ያኛው «አለ» የተናገረው ነው፤ የግእዙ «ብህለ» ዘመድ፣ «በ»ው ዛሬም «በል» እና «ይበል» ውስጥ የቀረለት። እሺ፣ የእኔም ምርጫ ከዚያ በሽታ አላመለጠም። ቢሆንም ያምረኛል።

«እንሸጣለን» ለምን አይጥመኝም? «እኛ» እነማን ናችሁ? ሊጡን የሚያቦኩት እርስዎ፣ ምጣዱ ላይ የሚቆሙት እርስዎ። በአንድ ሰው ቤት ላይ ድርጅት የሚያህል «እኛ» ሲለጠፍ ሆዴን ይቆርጠኛል። ግን መሸነፌንም ልናገር። ዛሬ ከፀጉር ቤት እስከ ልብስ ሰፊ ሁሉም «እንሠራለን»፣ «እናቀርባለን» ነው። የልጅዎ ወገን አሸንፏል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ምክንያት አላቸው። እዚያ በር የለም፤ አንባቢው ማን እንደሚሸጥለት በምን ይወቅ? ስለዚህ በሩ ላይ «ይሸጣል» ወይም «አለ»፣ ቴሌግራሙ ላይ «እንሸጣለን» ቢሉ አልቀየምም። ትንሽ ብቻ።

ዋናው ጉዳይ ግን ከግሡ በፊት ያለው ነው፤ ሦስታችሁም አልነካችሁትም። «ንጹህ የጤፍ እንጀራ» ሲሉ ንጹሑ ማን ነው? እንጀራው ከሆነ፣ ቆሻሻ እንጀራ እሸጣለሁ ብሎ የሚለጥፍ የለምና ምንም አልነገሩንም። ጤፉ ከሆነ፣ ሩዝ ወይም ሌላ እህል አልገባበትም ማለትዎ ነው። ይህ ትልቅ ወሬ ነው! እንግዲያው «የንጹሕ ጤፍ እንጀራ» ይበሉ፤ «የ» ቦታዋን ስትለውጥ ነገሩ ይጠራል። ከዚያም የተሻለ አለ። ማኛ ነው? ሰርገኛ ነው? ቀይ ነው? ገዢው የሚፈልገው ይህንን ነው። አንድ የጤፍ ስም አሥር ቅጽል ይበልጣል።

(«ንጹሕ» በሐመሩ «ሐ» ነው፤ ግእዙ «ነጽሐ» ነውና። በሃሌታው «ሀ» የሚጽፈው ሰው ከእኔ ወገን በቁጥር እንደሚበልጥ አውቃለሁ። አሁንም በሐመሩ እጽፋለሁ።)

ሦስቱን «!» ደግሞ ያንሡልኝ። ስሙ ትእምርተ አንክሮ ነው። «አንከረ» ማለት ተደነቀ ነው። እንጀራ መሸጡ ሦስት ጊዜ የሚያስደንቀው ማንን ነው? በዚያ ቦታ ሰዓት ይጻፉበት። ለምሳሌ እንዲህ፦

የማኛ ጤፍ እንጀራ አለ
ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ

ቀኑን በሙሉ ከሆነ ሁለተኛውን መስመር ይተዉት። የአንዱን እንጀራ ዋጋ መጨመርም ይቻላል፤ የሚያፍር ገዢ ሳይጠይቅ ያውቀዋል። ለቴሌግራሙ ስልክዎን ይጨምሩና «ይደውሉ» ይበሉ። «ደውሉ» ለማያውቁት ሰው ትንሽ ይሻክራል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሲያልቅብዎ ምን ይለጥፋሉ? «ዛሬ አይሸጥም» ካሉ፣ በአሉታው ያ «አለ» ተጠራርጎ ይወጣል። ግን ሰው «ምን ሆነው ነው?» ብሎ ሊጨነቅ ይችላል። «አልቋል» ይበሉ። ልብ ብለው ካዩት «አልቆ» እና «አለ» ነው። መሶቡ ባዶ ሆኖም «አለ» ከቃሉ ውስጥ አልወጣም።