አይሁድ አሁንም የእግዚአብሔር ሕዝብ ናቸው ወይስ ተተክተዋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ሆም ኬር ነው የምሠራው። የምንከባከባቸው እናት አይሁዳዊት ናቸው፣ ሰማንያን አልፈዋል። አርብ ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለት ሻማ አዘጋጅላቸዋለሁ፣ ያበሩና ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይጸልያሉ። ፓስተራችን ደሞ "አይሁድ የእግዚአብሔር ሰዓት ናቸው፣ ቤተመቅደሱ ሲሠራ መጨረሻው ደረሰ ማለት ነው" ይላሉ። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፣ በስልክ ስነግራት "ጌታን የሰቀሉት እኮ ናቸው፣ እግዜር እነሱን ትቶ እኛን ተክቷል" አለችኝ። ሁለቱም ከመጽሐፍ ነው የሚጠቅሱት፣ የቱን ልያዝ? ወንጌልስ ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል? እህታችሁ

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እናትሽ ካለችው ልነሳ ምክንያቱም ብዙ ቤት የሚባል ነገር ነው። ስቅላት የሮማውያን ቅጣት ነው፣ የፈረደው ጲላጦስ ነው፣ ወታደሮቹም የሱ ናቸው፣ በጸሎተ ሃይማኖትም ስሙ የሚነሳው ጲላጦስ ነው። የካህናት አለቆች አሳልፈው ሰጡት፣ ሕዝብም ጮኸ፣ ይሄ በወንጌል ተጽፏል አይካድም። ግን ያን ቀን እያለቀሱ የተከተሉት ሴቶች፣ እመቤታችን፣ ዮሐንስ፣ ሁሉም አይሁድ ናቸው። ጌታ ራሱ ሰንበት ሲሆን እንደ ልማዱ ምኩራብ ይገባ ነበር (ሉቃ 4፥16)። ታዲያ ሜሪላንድ ሻማ የሚያበሩትን እናት በዛ ቀን ጩኸት መክሰስ እንዴት ይሆናል?

"ተክቷል" የሚለው ግን ረጅም ታሪክ ያለው ትምህርት ነው፣ ከጥንት አባቶች ጀምሮ ቤተክርስቲያን አዲሲቱ እስራኤል ናት፣ እስራኤል ዘነፍስ ናት ተብሎ ተሰብኳል። እኛ ጋ ደሞ በክብረ ነገሥት ታቦቱ ከኢየሩሳሌም አክሱም ስለመጣ ምርጫው ወደ ኢትዮጵያ ዞሯል የሚል አለ። አንድ ክርስቲያን እኔም በክርስቶስ የአብርሃም ልጅ ሆኛለሁ ቢል ልክ ነው፣ ገላትያ 3 ይሄንኑ ነው የሚለው። ችግሩ የሚመጣው "እኔ ገባሁ" የሚለው "አንተ ውጣ" ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ386 እና 387 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) አንጾኪያ ላይ ታላቁ ዮሐንስ አፈወርቅ ወደ ምኩራብ የሚሄዱ ክርስቲያኖችን ለመከልከል ሲሰብኩ ስለ አይሁድ የተናገሩት እጅግ ከባድ ነው፣ እኚህን አባት እያከበርኩ ነው ይሄን የምለው። በ1543 የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ማርቲን ሉተር ምኩራባቸው ይቃጠል ብሎ ጻፈ፣ ናዚዎችም ከ400 ዓመት ገደማ በኋላ ጽሑፉን አውጥተው ተጠቀሙበት። በኛም አገር ጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን አይሁድ፣ ርስት ተከልክለው፣ ብረት እየቀጠቀጡና ሸክላ እየሠሩ፣ ማረሻውን ከእጃቸው የሚገዛው ጎረቤት ራሱ "ቡዳ" እያላቸው ኖረዋል። ይሄ ሁሉ በክርስቲያን አፍና በክርስቲያን እጅ ነው የሆነው፣ እና እኔ በጣም ያመኛል።

አሁን ሮሜን ክፈቺ፣ ከ9 እስከ 11 በአንድ ቁጭታ አንብቢው። ቀላውዴዎስ ቄሣር አይሁድን ከሮም አስወጥቶ ነበር (ሐዋ 18፥2)፣ ጳውሎስ በ57 አካባቢ ሲጽፍ ግን እነ አቂላና ጵርስቅላ ተመልሰው ሮም ናቸው፣ ከአሕዛብ ያመኑት ደሞ በአይሁድ ላይ መመካት ጀምረዋል። ጳውሎስ ምን አለ? "እግዚአብሔር ሕዝቡን ጣላቸውን?" ብሎ ራሱ ይጠይቅና አይደለም ይላል፣ እኔም ከብንያም ወገን ነኝ ይላል። ከዛ የወይራውን ዛፍ ያመጣል፣ እኛ የበረሃ ወይራ ነን፣ ተቆርጠን የገባነው በሰው ሥር ላይ ነው፣ ስለዚህ በቅርንጫፎቹ ላይ አትመካ፣ ሥሩ ነው አንተን የሚሸከምህ አለ። ያላመኑት ተሰበሩ ይላል፣ አዎ፣ ግን እግዚአብሔር መልሶ ሊያስገባቸው ይችላል ይላል፣ 11፥29 ላይም እግዚአብሔር በስጦታውና በመጥራቱ አይጸጸትም ብሎ ይዘጋዋል። እኔ የምይዘው ይሄን ነው፤ ጥሪያቸው አልተሰረዘም። የካቶሊክ ቤተክርስቲያንም በ1965 በ2ኛው የቫቲካን ጉባኤ ይሄንኑ የሮሜ 11 ቃል ይዛ አይሁድ እንደተጣሉ ወይም እንደተረገሙ ተደርጎ አይቅረብ ብላ አውጃለች።

ፓስተርሽ ያሉት ደሞ አዲስ ነው ማለት ይቻላል። በ1830ዎቹ ጆን ዳርቢ የሚባል ሰባኪ እግዚአብሔር ለእስራኤልና ለቤተክርስቲያን ሁለት የተለያየ ዕቅድ አለው ብሎ አስተማረ፣ በ1909 የታተመው የስኮፊልድ ማብራሪያ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ አሜሪካ ውስጥ አስፋፋው፣ በ1948 የእስራኤል መንግሥት ሲቆም ብዙዎች ይኸው ተፈጸመ አሉ። ጥሩ ጎኑ አይሁድ አልተጣሉም ማለቱ ነው። ግን ይሄን ትምህርት ከሚከተሉት ውስጥ ዘካርያስ 13፥8ን ይዘው በመጨረሻ ከአይሁድ ከሦስት ሁለት እጁ ያልቃል የሚሉ አሉ፣ ያንን እያሰቡ ደግሞ ቀኑ እንዲመጣ ይናፍቃሉ፣ እኔ ይሄን ፍቅር ልለው አልችልም። ጳውሎስ ስለ ወገኖቹ ሲያስብ ሰዓት አላየም፣ የማያቋርጥ ጭንቀት በልቤ አለ ነው ያለው።

ወንጌል ስለመንገሩ ክርስቲያኖች አይስማሙም፣ ወንጌላውያን ለሁሉም ይነገር ይላሉ፣ ካቶሊኮች ግን አይሁድን ለይቶ የሚሄድ የተደራጀ ተልእኮ አያካሂዱም። እኔ የምመክርሽ አንቺ ለሥራ የገባሽ ሰው ነሽ፣ እሳቸው ደሞ ታመው በአንቺ እጅ ነው ያሉት፣ መድኃኒት እየሰጠሽ መስበክ ልክ አይደለም። ከጠየቁሽ ሳትፈሪ የምታምኚውን ንገሪያቸው። እስከዛው ስለሳቸው ጸልዪ፣ ጳውሎስም ሮሜ 10፥1 ላይ ያደረገው እሱን ነው። ደሞ የሚጸልዩትን ምን እንደሆነ ጠይቂያቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

ጥያቄ፦ "የሚባርኩህን እባርካለሁ" ስለሚል የእስራኤል መንግሥት የሚያደርገውን ሁሉ መደገፍ ግዴታችን ነው? ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ቃሉ ለአብርሃም ነው የተነገረው፣ መጨረሻውም የምድር ነገዶች ሁሉ በአንተ ይባረካሉ ነው። ሕዝቡን መውደድና መንግሥትን ሁሌ ትክክል ነህ ማለት ይለያያል፣ ኤርምያስ ለኢየሩሳሌም እያለቀሰ ነው ነገሥታቷን የገሠጸው። ቤተልሔምና ናዝሬት ደሞ ከጥንት ጀምሮ ጌታን የሚያመልኩ ፍልስጤማውያን ክርስቲያኖች አሉ፣ ስለ እስራኤል ስንጸልይ እነሱን የማናነሳው ለምንድነው? መመረጥ ከተጠያቂነት ያድናል ለሚል ሰው አሞጽ 3፥2ን አንብብለት፣ ከምድር ወገን ሁሉ እናንተን ብቻ አውቄአለሁ፣ ስለዚህ ስለ ኃጢአታችሁ እበቀላችኋለሁ ይላል።