ከሳይቱ ማታ ማታ ዕቃ ይጠፋብኛል፤ ካሜራ ልግዛ ወይስ ዘበኛ ልቀይር?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ጂ+1 ቤት እያሠራሁ ነው። መምህር ስለሆንኩ ሳይቱ ላይ የምደርሰው ከሥራ ስወጣ ነው። የማሠራው በእጅ ዋጋ ነው፤ ዕቃውን የማቀርበው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ፌሮ ጎደለ። ቀጥሎ ምድር ቤቱ ግድግዳ ውስጥ የተሳበው የኤሌክትሪክ ሽቦ በሌሊት ተመዞ ተወሰደ። አሁን ደግሞ በቅርቡ ከተሞላው ከላይኛው ሶሌታ (የአርማታ ወለል) ሥር ድጋፍ እንጨቶች ጠፉ። ዘበኛ አለኝ። ግማሹ ሰው ካሜራ ግዢ ይለኛል፣ ግማሹ ዘበኛውን አባሪው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ካሜራውም ዘበኛውም ትንሽ ይቆዩ። ከሁሉ በፊት ስለ ድጋፉ እንነጋገር። እሱ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

አዲስ የተሞላ ሶሌታ ራሱን አይችልም። የተሸከሙት ከሥሩ የቆሙት ባህር ዛፎች ናቸው። አርማታ ደግሞ በብርድ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። የደብረ ብርሃንን ሌሊት እርስዎ ያውቁታል፤ ሞቃት አገር ላይ ድጋፍ ለማንሳት የሚበቃው ቀን እናንተ ጋ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ከሶሌታው ሥርም ከላዩም ሰው እንዳይደርስ ያድርጉ። ኢንጂነሩን ይጥሩ። የጎደለውን ድጋፍ የሚተካው ሰው እሱ ባለበት፣ እሱ ካሳየው ቦታ ጀምሮ ይተካ። "ሦስት እንጨት ብትጎድል ምን ይመጣል" የሚልዎት ካለ አይስሙት። ስንጥቅ ወይም ወደ ታች የረገበ ቦታ ከታየ ኢንጂነሩ እስኪደርስ ማንም ከሥር አይግባ።

ድጋፍ የሚሰረቀው ብዙ ጊዜ ለማገዶ ነው። የሚወስደው ሰው ምን እየነቀለ እንደሆነ አያውቅም። መከላከያው ውድ አይደለም። ድጋፎቹን በአግዳሚ እንጨት እርስ በርስ በሚስማር ያያይዟቸው። ያኔ አንዱን ለመንቀል መዶሻና ጊዜ ይጠይቃል፣ ድምፅም ያሰማል። በእያንዳንዱ ላይ በቀለም ቁጥር ይጻፉ። 17 ቁጥር ከሌለች ማታውኑ ይታወቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እኔ ሳይት ላይ እንዳየሁት፣ በሌሊት የሚወጣ ዕቃ አብዛኛው ቀን ላይ የተዘጋጀ ነው። ፌሮው ቀን ተቆርጦ አሸዋ ክምር ውስጥ ይቀበራል። ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ብሎኬት ጀርባ ይቀመጣል። የአጥር ቆርቆሮ ሚስማሩ ይላላል። ሌሊት የሚመጣው ሰው ሥራው መሸከም ብቻ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ትልቁ ሰዓት ሠራተኛው የሚወጣበት 11 ሰዓት ነው። እርስዎም ሳይቱ ላይ የሚደርሱት በዚያው ሰዓት አካባቢ መሆኑ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

አንድ ደብተር ይግዙ። የገባ፣ የተሠራበት፣ የቀረ ብለው ሦስት ቦታ ይክፈሉት። ማታ ማታ ፎርማኑ ይቆጥራል፣ ዘበኛው አብሮ ይቆጥርና ይረከባል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ጠዋት ደግሞ ዘበኛው ለፎርማኑ ያስረክባል። ርክክብ በሌለበት ዘበኛን መጠየቅ ግፍ ነው። ያልተረከበውን ዕቃ ከየት ያምጣ? ርክክቡ ሲጀመር ግን ዕቃው በቀን ይሁን በማታ የጠፋው በሁለት ቀን ውስጥ ይለያል። ዘበኛዎን ስለማባረር ያኔ ያስቡበት።

ቆጠራው ሒሳብ ካልተጨመረበት ግማሽ ነው። ፌሮ አንድ ቤርጋ (ሙሉ ዘንግ) 12 ሜትር ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ 10.65 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ባለ 14ቱ 14.5፣ ባለ 16ቱ 19 ኪሎ ገደማ። ስቶር ያለውን ሙሉ ቤርጋ ይቁጠሩ፣ ቁርጥራጩን ይመዝኑ፣ የታሰረውን ከፕላኑ ላይ ያውጡ። ድምሩ ከደረሰኙ ጋር መቀራረብ አለበት። ለሲሚንቶም እንዲሁ ነው። ሲ-25 የሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ያለው አርማታ ለአንድ ሜትር ኩብ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ወደ 7 ከረጢት ይፈጃል፤ ትክክለኛውን ኢንጂነርዎ ይነግርዎታል። 100 ካሬ ሜትር ሶሌታ በ15 ሴንቲ ውፍረት 15 ሜትር ኩብ ነው፤ ስለዚህ ወደ 105 ከረጢት። ጥቂት ብክነት ያለ ነው። 120 ከረጢት አልቋል ከተባሉ ግን ይጠይቁ። የ20 ሴንቲ ብሎኬት ግድግዳ በካሬ ሜትር 12.5 ብሎኬት ገደማ ይወስዳል። ይህችን ሒሳብ ማታ ተማሪ ልጅዎም ሊሠራት ይችላል።

የፌሮ ቁርጥራጭን ጫፍ ማየት ይልመዱ። የሳይቱ መቁረጫ ፌሮውን ጨፍልቆ ነው የሚቆርጠው፤ ጫፉ ከሁለት በኩል ተጨምቆ ይቀራል። ሴጌቶ (የብረት መጋዝ) የቆረጠው ጫፍ ግን ጠፍጣፋ ነው፣ ቀጫጭን ጭረት ይታይበታል። ሠራተኛዎ የሚጠቀመው መቁረጫ ብቻ ከሆነና በሴጌቶ የተቆረጠ ጫፍ ካገኙ፣ ያን ፌሮ ሌላ ሰው ነው የቆረጠው። ጫፉ ገና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደግሞ ቅርብ ጊዜ ነው። ከኮለን (ከአርማታ ምሰሶ) አናት ወጥተው የቆሙትን ፌሮዎችም ይመልከቱ፤ በሌሊት እነሱንም የሚቆርጥ አለ። የሚቀጥለው ፌሮ ከነሱ ጋር የሚደራረብበት ርዝመት ብዙ ጊዜ የፌሮውን ዲያሜትር ከ40 እስከ 50 እጥፍ ይሆናል። አጥሮ ከተገኘ "በብየዳ እንቀጥለው" ቢሉዎት እሺ አይበሉ። ውሳኔው የኢንጂነሩ ነው።

ቁርጥራጩን ለቁራሌ የሚሸጠው ማነው? እዚህ ላይ ጠንከር ይበሉ። ለሠራተኛው ወይም ለዘበኛው "ቁርጥራጭ የእናንተ ነው" ከተባለ፣ ሙሉ ቤርጋ ወደ ቁርጥራጭ መቀየር ይጀምራል። ቁርጥራጩ ቆጠራ ውስጥ ይግባ፣ አንድ ቦታ ይከማች፣ እርስዎ ባሉበት ቀን በሚዛን ይሸጥ። ሠራተኛውን ማበረታታት ከፈለጉ ከሽያጩ ገንዘብ ይስጡ።

ፌሮውን ጭቃ ላይ አይጣሉት፤ እንጨት ላይ አጋድመው፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከአጥር ርቆ ይቀመጥ። በእስሩ መሃል ሰንሰለት አሳልፈው በጓጉንቸር ይቆልፉ። ጫፎቹን በሙሉ አንድ ዓይነት ቀለም ይቀቧቸው። ቀለሙ ሌባን አያስቆምም፤ ዕቃው ሌላ ቦታ ሲገኝ ግን የእርስዎ መሆኑን ለማሳየት ይረዳል። ሲሚንቶ ደግሞ የሁለት ሦስት ቀኑን ብቻ ያስመጡ። ቅዳሜ ከሰዓት ዕቃ አያራግፉ፤ እሑድን ሙሉ ሰው በሌለበት ይውላል።

ለስቶሩ በር ላሜራ ያሠሩ። ብዙ ሰው ትልቅ ጓጉንቸር ይገዛና ማጠፊያውን ይረሳዋል። ማጠፊያው በውጭ በኩል ከሆነና በብሎን ከታሰረ፣ ሌባው ዳዶውን ፈትቶ በሩን ከነጓጉንቸሩ ያነሳዋል። ማጠፊያው ይበየድ፣ በሩ ሲዘጋም ወደ ውስጥ በኩል ይዋል። ጣሪያውንም ይዩት፤ በሁለት ሚስማር የተያዘ ቆርቆሮ በር ማለት ነው።

ስለ ሽቦው በጣም አዝናለሁ፤ ውድ ነው። ሽቦ የሚመዝዝ ሰው ከአንዱ ሳጥን ጫፉን ይዞ ይስባል፣ በደቂቃ ውስጥ የአንድ ክፍል መስመር እጁ ላይ ነው። ላስቲኩን አቃጥሎ መዳቡን በኪሎ ይሸጠዋል። ስለዚህ በርና መስኮት ተገጥሞ ቤቱ እስኪቆለፍ ድረስ ሽቦ አያስገቡ። ለጊዜው ኮንዲዩቱ (ሽቦው የሚያልፍበት ቱቦ) ውስጥ መሳቢያ ሲባጎ ብቻ ይተዉ፣ አፉን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይወትፉት። ኤሌክትሪሻኑ "አሁን ልጨርሰውና ክፍያዬን ልውሰድ" ሊል ይችላል። ኮንዲዩቱንና ሳጥኑን የጨረሰበትን ይክፈሉት፣ ሽቦው ይቆይ። ቧንቧ፣ መታጠቢያና ማብሪያ ማጥፊያም ቤቱ ከተቆለፈ በኋላ ይገጠሙ። ሽቦ ተመዞበት የቀረውን መስመር ማንም ከመንካቱ በፊት ኃይሉ ከቆጣሪው ይጥፋ።

አጥሩን ከውጭ ሆነው አንድ ጊዜ ይዙሩት። ቆርቆሮው የተመታበት አግዳሚ እንጨት በውጭ በኩል ከሆነ መሰላል ሠርተውላቸዋል። ወደ ውስጥ ይዙር። ከአጥሩ ጋር የተጠጋ አሸዋ፣ ብሎኬት ወይም ባህር ዛፍ ካለ ይነሳ። መሰላል ማታ ስቶር ይግባ። ውኃ የያዘ ወይም ክፍት የሆነ ጉድጓድ በጠንካራ ሳንቃ ይሸፈን። አሸዋ ላይ ሊጫወቱ የሚገቡ የሰፈር ልጆች አሉ፣ ከእነሱ የሚከላከሉት ዕቃውን ብቻ ሳይሆን እነሱንም ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎት። አጥር ላይ ኤሌክትሪክ እንዲያገናኙ የሚመክርዎት አይጠፋም። በፍጹም። ሰው ይገድላል፣ የሚገድለውም ኳሱን ፍለጋ የመጣ ሕፃን ሊሆን ይችላል። እርስዎም በወንጀል ይጠየቃሉ።

ወደ ዘበኛው ልመለስ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ቀን በር ከፍቶ፣ ዕቃ አራግፎ፣ ውኃ አጠጥቶ የዋለ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ሊያድር አይችልም። ተኝቶ ቢያገኙት አይፍረዱበት። ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ ከካሜራው በፊት የሌሊት ሰው ይቅጠሩ፤ ቢያንስ ፌሮ፣ ሽቦና በር በሚገቡባቸው ወራት። ሲቀጥሩ መታወቂያና ዋስ ይያዙ፣ ደመወዙን በቀኑ ይክፈሉ።

ጎጆው በር አጠገብ ብቻ መሆን የለበትም። ስቶሩና የኋላው አጥር ከሚታይበት ቦታ ይሁን። ጥሩ ባትሪ፣ ፊሽካና ካርድ የተሞላ ስልክ ይስጡት። ከጎረቤት ዘበኞች ጋር በፊሽካ ይስማሙ፤ አንዱ ሲነፋ ሌሎቹ መብራት ያበራሉ፣ ይደውላሉ። ሌባ ላይ ብቻውን እንዳይሮጥ ይንገሩት። ከምሽቱ 4፣ ከሌሊቱ 7 እና 10 ሰዓት ገደማ ዞሮ ሚስኮል ያድርግልዎት፣ ሰዓቱን ግን በየቀኑ ትንሽ ያዛንፉት።

ብርድ ስለሆነ ደግሞ ከሰል ያነድዳል። በተዘጋ ጎጆ ውስጥ የከሰል ጋዝ አይሸትም፤ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ወፍራም ካፖርትና ብርድ ልብስ ይግዙለት፣ ከሰሉ ውጭ ይሁን።

መብራት ከካሜራ ይቀድማል። ሰው ሲንቀሳቀስ የሚበራ ሶላር ፓውዛ አንዱን ስቶር በር ላይ፣ አንዱን ኋላ አጥር ላይ ይስቀሉ። የዘበኛውን ዓይን እንዳይወጋ አቅጣጫውን ያስተካክሉ። ክረምት ላይ ደመና ስለሚበዛ ባትሪው ቶሎ ይደክማል። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ኮቴም መጋዝም አይሰማም፤ የክረምቱን ሌሊት ጠንከር አድርገው ይያዙት።

ካሜራ ከገዙ ሲም ካርድ የሚቀበልና የራሱ ባትሪ ያለው ይሁን። ቀረጻው ሳይቱ ላይ ባለ ሳጥን ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ሌባው ሳጥኑንም ይዞት ይሄዳል። ጎረቤት ከፈቀደ ከሱ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ በሩንና ስቶሩን አንድ ላይ ያያል።

እንደገና ከጠፋ ምንም ሳይነካካ ፎቶ ያንሱ፣ በዚያው ቀን ለፖሊስ ያመልክቱ። ደረሰኙን፣ የርክክብ ደብተሩን፣ የፓምፕና የቫይብሬተር የሴሪ ቁጥሩን ይዘው ይሂዱ። ሠራተኛ ተጠርጥሮ በሳይቱ ላይ እንዳይደበደብ አደራ። የበዓል ሰሞን ደግሞ ዘበኛዎ ወደ ቤተሰቡ መሄዱ አይቀርም። ተተኪውን ከሳምንት በፊት ይነጋገሩ፣ ለዚያች ሌሊት የሚከፍሉትንም ጨመር ያድርጉ።