ያገለገለ የጀልባ ሞተር ከመግዛት በፊት ኮምፕሬሽን ስለመለካት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከሐይቅ ከተማ)፦ በሐይቃችን ላይ ሰው ለማመላለስ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ቱ ስትሮክ ሞተር ልገዛ ነው። ሻጩ «አብሽር፣ በአንድ ጉተታ ይነሣል» ይለኛል። ይህ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም፣ ወንድሜ። ሻጩ አንተ ከመድረስህ በፊት አሙቆት ከቆየ የደከመ ሞተርም በአንድ ጉተታ ይነሣል፤ ስለዚህ ከሰላምታ ቀጥሎ የሞተሩን ራስ በእጅህ ንካው። ለብ ካለ፣ እስኪበርድ ሻይ እየጠጣችሁ ቆዩና ቀዝቃዛውን ሲያስነሣ ተመልከት። ከዚያ ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያምቅ፣ ለካ።

ጥያቄ፦ ልኬቱስ እንዴት ይከናወናል?

መልስ፦ ሞተሩን ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አቁመህ ለጥቂት ደቂቃ አሠራው፤ ያለ ውሃ ከሠራ የውሃ ፓምፑ የጎማ ክንፍ ይቃጠላል። ካጠፋኸው በኋላ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገህ ሁለቱንም ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚለኩሰውን) ፍታ፤ የቤንዚን ትነት ባለበት ብልጭታ እንዳይፈጠር የካንዴላ ሽቦዎቹን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኝ። የኮምፕሬሽን መለኪያውን በአንዱ የካንዴላ ቀዳዳ አጥብቀህ፣ የነዳጅ መስጫውን የሚከፈተውን ያህል ከፍተህ፣ መርፌው መውጣት እስኪያቆም ገመዱን አምስት ስድስት ጊዜ ሳብ፤ ለሁለተኛው ሲሊንደርም በዚያው ቁጥር ድገመው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ በሐይቅ ዳር የለካሁት 94 እና 92 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ነው። ጅቡቲ ያለው ዘመዴ ግን ተመሳሳይ ሞተር ለክቶ 120 እንዳገኘ ነግሮኛል። የእኔ ሞቷል ማለት ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ጤነኛ ነው። ጅቡቲ ከባሕር ወለል ጋር እኩል ስትሆን፣ የሐይቅ ውሃ ግን ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ የተኛ ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ 20 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ ፒስተኑ የሚያምቀውም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በጅቡቲ 120 ያሳየ ሞተር እዚህ 95 አካባቢ፣ ደሴ ቢወጣ ደግሞ 90 ገደማ ያሳያል። እኔ ራሴ ይህን ሳላውቅ «ቁጥሩ አነሰ» ብዬ ጥሩ ሞተር መልሼ፣ በምትኩ 100 እና 74 ያሳየውን «ከፍ ያለ» ገዝቻለሁ፤ ክረምቱ ሳያልቅ አንዱ ሲሊንደር ዝም አለ። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይታይ፤ ከ10 በመቶ ካለፈ ምክንያቱ ሳይታወቅ ገንዘብ አይውጣ።

ጥያቄ፦ ልዩነቱ ከሰፋ ምክንያቱን በምን እንለያለን?

መልስ፦ በደካማው ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት አፍስሰህ እንደገና ለካ። ቁጥሩ በግልጽ ከጨመረ ያለቀው ሪንግ (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ካልጨመረ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (የሞተሩን ራስ ማሸጊያ) ጠርጥር። ቁጥር ከፍ ለማስመሰል ይህንኑ ዘዴ ሻጮችም ያውቁታል፤ ካንዴላው ሲፈታ በወፍራም ዘይት ተለውሶ ከወጣ፣ ሞተሩን አሠርተህ ዘይቱን ካቃጠልህ በኋላ ድገመው። ደግሞ ጥሩ ቁጥር ብቻውን አያሳምንህ፤ በቱ ስትሮክ ላይ የጭስ መውጫው በኩል የተቧጨረ ሲሊንደር ለጊዜው ደህና ሊያሳይ ስለሚችል በካንዴላው ቀዳዳ ባትሪ አብርተህ ግድግዳውን እይ። ቁልቁል የሚወርድ ጭረት ካለ ተወው።

ጥያቄ፦ ፎር ስትሮክ ላይም ያው ነው?

መልስ፦ አሠራሩ ያው ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ ትንንሽ ፎር ስትሮኮች ሲሳቡ ቫልቩን በጥቂቱ የሚከፍት ማቅለያ ስላላቸው ቁጥራቸው ዝቅ ይላል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ መለኪያ ባይኖረኝ በአውራ ጣት ቀዳዳውን ደፍኜ ብለካስ?

መልስ፦ ጣት የሞተውን ሲሊንደር ይለያል፤ 90ን ከ70 ግን አይለይም። የመኪና ጋራዥ ያለው መለኪያ ያገለግላል፤ ስትዋስ ጫፉ ከካንዴላው ጥርስ ጋር መግጠሙን አስቀድመህ አስተያይ፤ ብዙዎቹ 14 ሚሊሜትር ናቸው።