ያልጠጣሁትን ወይን ለምን ልክፈል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። እኛ አምስት ጓደኛሞች ነን። ልደት ወይም የሥራ እድገት ሲኖር ውድ ሬስቶራንት ተገናኝተን እናከብራለን። እኔ አልኮል አልጠጣም፤ ደመወዜም ከሁሉም ያንሳል። ሂሳቡ ሲመጣ ግን ለአምስት እኩል ነው የምንካፈለው። ባለፈው አንድ ሾርባና አንድ ዋና ምግብ በልቼ የወይን ጠርሙስ ዋጋ ስከፍል አመሸሁ። እንዳልናገር ቋጣሪ እንዳይሉኝ እፈራለሁ። ሰሞኑን ደግሞ የአንዷ ልደት ነው። ልቅር ይሆን? እውነቱን ለመናገር የሹካው ብዛትም ያስጨንቀኛል። (ስሜ አይጠቀስ)

መልስ፦ ሂጂ እህቴ። ለቢል ተብሎ ከጓደኛ ልደት አይቀርም። አካሄድሽ ግን እንዳለፈው አይሁን።

እዚህ አምድ ላይ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ለዓመታት እንዲህ ባሉ ቤቶች አስተናጋጅ ነበርኩ። ያንቺን ጭንቀት በብዙ ሰው ፊት ላይ አይቼዋለሁ። ቢሉ በማኅደሩ ሆኖ ጠረጴዛው መሃል ሲቀመጥ ወሬው ለአፍታ ይቆማል። አንዱ ገለጥ አድርጎ ያይና "በቃ፣ እኩል እንካፈል" ይላል። ብዙ ያዘዘው ቶሎ ይስማማል። ውሃ ሲጠጣ ያመሸው ደግሞ ስልኩን ከጠረጴዛው በታች ይዞ ያሰላል። ከቆምኩበት ይታየኝ ነበር፤ በጣም ያሳዝነኝ ነበር። በዚያች ሰዓት መናገር ለማንም ይከብዳል። የሚናገር ሰው እውነት ቢኖረውም ነገር የፈለገ ይመስላል።

ስለዚህ ቀድመሽ ተናገሪ። ለሁሉም መንገር አያስፈልግሽም፤ ቦታ ለምትይዘው ጓደኛሽ ደውይላት። "እመጣለሁ። አልኮል ስለማልጠጣና ወጪዬንም ስለምቆጥብ የራሴን ለብቻ እከፍላለሁ" በያት። ይኸው ነው። ምክንያት አትደርድሪ፤ ይቅርታም አትጠይቂ። ቦታ ስትይዝ ሂሳብ ለየብቻ ይሠሩ እንደሆነ እንድትጠይቅልሽ ንገሪያት፤ የማይሠሩ ቤቶች አሉ። ከተቀመጣችሁ በኋላ አስተናጋጁ ትዕዛዝ ሊቀበል ሲመጣ "የእኔን ለብቻ ያዙልኝ" በዪ። ከመጀመሪያው ከተነገረን ለእኛ ቀላል ሥራ ነው። ሁሉም ተበልቶ ካለቀ በኋላ ማን ምን በላ ብሎ መለየት ነው ጣጣው።

ጓደኞችሽም ሳይናገሩ ይህንኑ ይፈልጉ ይሆናል። ኡሪ ግኒዚ የተባለ ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እስራኤል ውስጥ የማይተዋወቁ ተማሪዎችን በስድስት በስድስት አድርጎ ምግብ ቤት አስቀምጦ ነበር። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። አንዳንዱ ቡድን የየራሱን፣ አንዳንዱ ደግሞ እኩል ተካፍሎ እንዲከፍል ተደረገ። እኩል የተካፈሉት ያዘዙት ምግብ በዋጋ ከሲሶ በላይ በለጠ። አብዛኞቹ ግን ምርጫ ቢሰጣቸው የየራሳቸውን መክፈል ይሻላል ባዮች ነበሩ። እርግጥ የሚዋደዱ ሰዎች ለኪስም ይተዛዘናሉ። ሆኖም ያ እንዲሆን ኪስሽን ማወቅ አለባቸው።

ጠረጴዛው ላይ ስትደርሺ አንድ ነገር አድርጊ። የወይን ብርጭቆ ፊትሽ ተቀምጦ ከሆነ "አልጠጣም፣ ይነሳልኝ" በዪ። አስተናጋጁ ያነሳዋል። ከዚያ ወዲያ ማንም ሊቀዳልሽ አይመጣም፤ ወይኑን የጠጣው ማን እንደሆነም ለሁሉም ግልጽ ይሆናል። ውሃም ቢሆን "የጠርሙስ ይሁን?" ሲሉሽ ዝም ብለሽ ራስሽን አትነቅንቂ፤ ዋጋ አለው። አስተናጋጁ በቃሉ የሚነግራችሁ የዕለቱ ልዩ ምግብም ብዙ ጊዜ ዋጋው አይጠቀስም፤ በሜኑው ካሉት ሊወደድ ስለሚችል ጠይቂ። ዋጋ የሚጠይቅ ደንበኛን ንቄ አላውቅም። እንደውም ከእሱ ጋር ኋላ ጭቅጭቅ የለም።

ከሁሉም በላይ ተጠንቀቂ የምልሽ ቴስቲንግ ሜኑ ከሚባለው ነው። ሼፉ የመረጣቸው ብዙ ትናንሽ ምግቦች በተከታታይ ይቀርባሉ፤ ዋጋው በሰው አንድ ነው። ብዙ ቤት ይህን የሚያቀርበው ጠረጴዛው በሙሉ ከተስማማ ብቻ ነው። አንዷ "እሱን እንሞክር" ካለች የአንቺም ወጪ አብሮ ይወሰናል ማለት ነው። ስትደውዪላት ይህንንም አንሺ።

ሹካው አያስጨንቅሽ። ከዳር ጀምረሽ ወደ ሳህኑ እየገባሽ ትጠቀሚያለሽ። ስትጨርሺ ቢላውንና ሹካውን ሳህኑ ላይ ጎን ለጎን አስተኚያቸው፤ አስተናጋጁ መጨረስሽን ያውቃል። መሬት ከወደቀብሽ አታንሺው፤ ሌላ ይመጣልሻል።

ሂሳብሽ ለብቻ ሲመጣልሽ ግርጌውን እዪ። ሰርቪስ ቻርጅ (የአገልግሎት ክፍያ) ተጨምሮ ከሆነ ድጋሚ ቲፕ የመስጠት ግዴታ የለብሽም። ካልተጨመረ የራስሽን ድርሻ ለይተሽ ተዪ። የባለልደቷን ሂሳብ አራታችሁ ልትሸፍኑ ተነጋግራችሁ ከሆነ ግን ከዚያ ራስሽን አታውጪ። እሱ ስጦታሽ ነው፤ ከወጪሽ ጋር ቀድመሽ አስቢው።