የሚሠራ ነገር ሲያታልል

ልጆቼ፣ በፖሊመር (ሞለኪውሎቹ እንደ ረጅም ሰንሰለት የተቀጣጠሉ ቁስ) እና በፈሳሽ ክሪስታል (እንደ ፈሳሽ የሚፈስ፣ ሞለኪውሎቹ ግን በአንድ አቅጣጫ የሚሰለፉ ቁስ) ላይ ልትሠሩ የምታስቡ ሁሉ፤ ይህን የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የቆየ ስህተቴ ነው።

ሥራ ስጀምር የተሰጠኝ መሣሪያ ጨርቅ ነበር። አትሳቁ። ብርጭቆ ላይ ፖሊኢማይድ የሚባል ፖሊመር በስሱ ይቀባል፤ ውፍረቱ 100 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በከፋይ ጨርቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ይታሻል። እንዲህ የታሹ ሁለት ብርጭቆዎች ፊት ለፊት ይገጠሙና መሃላቸው ፈሳሽ ክሪስታል ይገባል። ሞለኪውሎቹም እንደተበጠረ ፀጉር የታሸበትን አቅጣጫ ይዘው ይተኛሉ። እንዲህ ካልተሰለፉ የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን የሚባል ነገር የለም።

እኔ ደግሞ በማሸት ጎበዝ ነበርኩ። ስንት ጊዜ፣ በምን ያህል ጫና፣ ጨርቁ መቼ መቀየር እንዳለበት እጄ ያውቀዋል። ለምን እንደሚሠራ ሲጠይቁኝም መልሴ ዝግጁ ነው፦ ጨርቁ ጥቃቅን ቦዮች ይጭራል፣ ሞለኪውሎቹ ቦዩን ይከተላሉ። በ1972 ቤረማን የተባለ ፊዚሲስት ቦይ ብቻውን ሞለኪውልን ሊያሰልፍ እንደሚችል በስሌት አሳይቶ ነበር። ስሌቱ ልክ ነው። እኔ የተሳሳትኩት ጨርቁ የሚሠራው ይህን ብቻ ነው ብዬ ነገሩን መዝጋቴ ላይ ነው።

ከዚያ የብርሃኑ ነገር መጣ። በ1988 ኩኒሂሮ ኢቺሙራና ባልደረቦቹ ብርሃን ሲነካው ቅርጹን ከሚለውጥ አዞቤንዚን ከሚባል ሞለኪውል፣ የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ያላት ንጣፍ ብርጭቆ ላይ አሰሩ። አልትራቫዮሌት ሲያበሩባት፣ ብርጭቆው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ የነበረው ፈሳሽ ክሪስታል ተኛ። በሚታይ ብርሃን መልሰው ሲያበሩባት ቆመ። በ1992 ደግሞ ማርቲን ሻትና ባልደረቦቹ ሲናሜት የሚባል ብርሃን የሚውጥ ክፍል በተሸከመ ፖሊመር ላይ ፖላራይዝድ ብርሃን፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን፣ አብርተው ፈሳሽ ክሪስታሉን አሰለፉት። ጨርቅ የለ፣ አቧራ የለ፣ ከመታሸት የሚመጣ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የለ።

እኔስ ምን አልኩ? «ቆንጆ ጨዋታ ነው» ብዬ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ እኔ እስከ ዛሬ አልሰለቸኝም። አዞቤንዚን ቀጥ ያለ ዘንግ ይመስላል። ብርሃን ሲውጥ ይታጠፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይዘረጋል። ግን ሁሉም እኩል አይውጥም። ከብርሃኑ መርገብገቢያ ጋር ትይዩ የሆነው ብዙ ይውጣል፤ ቀጥ ብሎ የተሻገረው ምንም አይደርሰው ማለት ይቻላል። የዋጠው ታጥፎ ሲዘረጋ በፊት ወደነበረበት አቅጣጫ በትክክል አይመለስም፤ ትንሽ ይዞራል። ይህ ሲደጋገም፣ ሲደጋገም፣ አንድ ቀን ብርሃኑ የማያገኘው አቅጣጫ ላይ ይደርስና እዚያ ያርፋል። ፀሐይ ሽሽት ጥላ የሚፈልግ ሰው አድርጌ ነው የማስበው። ስለዚህ ብርሃኑ የሚርገበገበው ወደ አንድ ጎን ከሆነ፣ ሞለኪውሎቹ የሚተኙት ለእሱ ቀጥ ብለው ተሻግረው ነው።

ሲናሜት ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ብርሃን የዋጠው ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል፣ ተጣበቀ ማለት ቀረ ማለት ነው። ፀሐይ ቆዳችን ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ የምትጎዳበት አንዱ መንገድ የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው። የአዞቤንዚን ንጣፍ በሌላ ብርሃን እንደገና ሊጻፍበት ይችላል። ይህ ፀጋም ጣጣም ነው፤ የክፍሉ መብራት ራሱ ሊያበላሽባችሁ ይችላል።

ለእኔ ዋናው ዱላ ግን ሌላ ነበር። እነዚያን ንጣፎች የነካ ነገር የለም፣ ቦይ የሚጭር የለም፣ ሞለኪውሎቹ ግን ተሰልፈዋል። ለካ የሚያሰልፈው የፖሊመሩ ሞለኪውሎች ራሳቸው የያዙት አቅጣጫም ነው። ጨርቁም ቢሆን ቦይ ከመጫር ባሻገር የፖሊመሩን ሰንሰለቶች እየጎተተ ያስተኛ ነበር። እኔ በየቀኑ በእጄ የምሠራውን ነገር አላውቀውም ነበር ማለት ነው። ውጤቱ ስለሚያምር ጠይቄው አላውቅም። ሻርፕ በ2009 የብርሃኑን ዘዴ ለቴሌቪዥን ፓነሎች ማምረቻ ማዋሉን ሲያስታውቅ፣ እኔ ገና እየተማርኩት ነበር።

ስለዚህ የሚያምር ውጤት ሲገጥማችሁ ቶሎ አትደሰቱ። ከእያንዳንዱ ሙከራ ጋር አንድ ብርጭቆ ምንም ሳታበሩበት አስቀምጡ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፤ ጊዜም ይበላል።

በቅርቡ አንዲት ወጣት ባልደረባዬ አዲስ ፖሊመር ሠርታ እየሮጠች መጣች። ናሙናዋን በተሻገሩ ሁለት ፖላራይዘሮች፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ በሚያሳልፉ ማጣሪያዎች፣ መሃል አድርገን አዞርነው። በየ90 ዲግሪው ድቅድቅ ብሎ ይጨልማል፣ መሃል ላይ ይበራል፤ ሞለኪውሎቹ የመሰለፋቸው ምልክት ነው። የሚያምር ነው። «ያልበራበትስ?» አልኳት። አመጣችው። እሱም ይጨልማል፣ ይበራል!

ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ ፈሳሹ የገባበትን ጠርዝ አየነው። ሞለኪውሎቹ የተሰለፉት ወደ ውስጥ በፈሰሱበት አቅጣጫ ነበር፤ ፍሰትም ያሰልፋላ! መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ክሪስታሉን ሥርዓቱ ጠፍቶ ተራ ፈሳሽ እስኪሆን አሙቆ መሙላት፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ማቀዝቀዝ። የእሷ 35 ዲግሪ አካባቢ ላይ ሥርዓቱን የሚያጣ ዓይነት ነበር።

ፊቷ ትንሽ ጠቆረ። ሁለት ባዶ ብርጭቆዎች አነሳች፣ አንዱን አብርታበት አንዱን ተወችው፣ ማሞቂያውን ለኮሰች።